የፈረንጅ ውሻ በቂርቆስና በካዛንቺስ

ሳሞይድን የመሰለ ነጭ ጸጉራም ውሻ በዘር መዝገብ አስጽፎ ማራባትና በዳኛ ፊት አቁሞ ማወዳደር በአዲስ አበባ የተለመደ ሥራ አይደለም። የፈረንጅ ውሻ ግን ለከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም። የገባበትን በር፣ ያደረበትን ግቢና ከአገሬው ጋር የተዳቀለበትን ሰፈር ለማየት ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከሚባለው አካባቢ ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ ለገሃር፣ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ የአፍሪካ አዳራሽና ካዛንቺስ የሚገኙት እዚያው ነው።

የሐበሻ ውሻ ከከተማዋ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ ተጓዦች ስለ ሌሊቷ ሲጽፉ ጅብና ውሻን ሳያነሱ አያልፉም። የእርድ ትርፍራፊውን ቀን ውሻ፣ ማታ ጅብ ያጸዳው ነበር። ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ከእረኛ ጋር ይውላል፣ ጅብ ወይም ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። የሚበላው ፍርፋሪ፣ የሚያድረው ደጅ ነው። ሰው ከሚተኛበት ክፍል ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከገባ ይባረራል። ስሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለእሱ የወጣ አልነበረም፤ ውሻውን «መቻል» ብሎ የሚጠራ ሰው ነገሩን የሚናገረው ለጎረቤቱ ነው።

ዘሩ ተቆጥሮ፣ ስሙ ከጌታው ስም በላይ ይጠራ የነበረው ፈረስ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በውሻው ስም የተጠራ መኮንን የለም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንስሳን እየመረጡ ማራባት የሚጀመረው ለእንስሳው ክብር በሚሰጥበት ቦታ ነውና።

ውሻን ለመፍራትም በቂ ምክንያት ነበር። በ1895 ዓ.ም. ክረምት የውሻ እብደት በሽታ አዲስ አበባን ጨምሮ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተዛምቶ እንደነበር ተመዝግቧል። የተነከሰ ሰው ያኔ ዕድሉ ጸበልና የሥራሥር መድኃኒት ብቻ ነበር። በ1940ዎቹ ከፓሪሱ ፓስተር ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የፌርሚ ክትባትም ለሰውም ለውሻም ለብዙ አሥርት ዓመታት አገለገለ። የተነከሰ ሰው በተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ ይወጋ ስለነበር፣ ብዙ የከተማ ልጅ ከውሻው ጥርስ ይልቅ መርፌውን ይፈራ ነበር። ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባልም ሰፈሩ አሁንም «ፓስተር» ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ ማስወገድን ለረጅም ጊዜ እንደ መፍትሔ ይዞ ቆይቷል። ሐኪሙም ማዘጋጃ ቤቱም ውሻን ያወቁት በበሽታው በኩል ነው ማለት ይቻላል።

የፈረንጅ ውሻ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ ሰው ጓዝ የሚራገፈው ለገሃር ላይ ሆነ። ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤቶች አሠራ፤ ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከነዚህ ቤቶች ነው። የቤቶቹ አሠራር ለውሻ ታሪክም ይጠቅማል። አጥር፣ የብረት በር፣ ፊት ለፊት አትክልት፣ ከኋላ የሠራተኛ ክፍል ያለው ግቢ ለትልቅ ዘብ ውሻ የተመቸ ነው። ከነጻነት በኋላ ሹማምንት፣ የውጭ አገር ባለሙያዎችና የኤምባሲ ሠራተኞች ሲገቡባቸው በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ልማድ ሆነ። ጽሑፉ ያለ ውሻም የሚሠራ መሆኑን ያወቀ ብዙ ነው።

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አካባቢው ይበልጥ የዲፕሎማት ሰፈር ሆነ። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ለዘውዱ 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ተሠራ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። ዲፕሎማት የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ሲሄድ ውሻውን ይዞ ካልሄደ ለዘበኛው፣ ለወጥ ቤቷ ወይም ለቀጣዩ ተከራይ ይተዋል። ውሻው ይቀራል፣ ወረቀቱ ግን ከባለቤቱ ጋር አገር ይለቃል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ከፈረንጅ ውሾቹ ሁሉ በስም የታወቀችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ቺዋዋ ሉሉ ናት። ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ በፎቶግራፍ ታይታለች፤ የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ አንስቷታል። ሉሉ የመኳንንቱን ጫማ ስታረጥብ በጨርቅ የሚጠርግ አገልጋይ ነበር የሚለው ታሪክ የመጣው ከዚያ ነው። መጽሐፉ በታሪክ አዋቂዎች ዘንድ እምነት የሚጣልበት ስላልሆነ ወሬውን እንደ ማስረጃ መያዝ አይገባም፤ ውሻዋን የጃፓን ዘር ማለቱ ራሱ ጸሐፊው ስለ ውሻ ብዙ እንዳልተጨነቀ ያሳያል። የሆነ ሆኖ ውሻ ደጅ በሚያድርበት አገር አንዲት ውሻ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከጌታዋ እግር ሥር መዋሏ ለተመልካች ትልቅ ነገር ነበር። ሉሉ ግን ተወዳጅ ሆና ኖረች እንጂ የዘር መጀመሪያ አልሆነችም።

ልዩነቱን ለመረዳት የሳሞይድን ታሪክ ማየት ይበጃል። ውሻው የመጣው በሰሜን ሩሲያና በሳይቤሪያ አጋዘን ከሚያረቡት የኔኔትስ ሰዎች ነው። መንጋ ይጠብቃል፣ በበረዶ ላይ ይጎትታል፣ ሌሊት ከባለቤቶቹ ጋር በድንኳን ይተኛል፤ በሰው መካከል ማደሩ ገራም ጠባዩን እንደ ሰጠው ይነገራል። እንግሊዛዊው ኧርነስት ኪልበርን ስኮት እ.ኤ.አ. በ1889 ከአርካንግልስክ አንድ ቡችላ ይዞ ተመለሰ። ሳባርካ የተባለው ይህ ቡችላ ነጭ ሳይሆን ቡናማ ነበር፤ ዛሬ በነጭነቱ የሚታወቀው ዘር በእንግሊዝ የተጀመረው በዚህ ነው። ቀጥሎ ወደ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ ከተጓዙ አሳሾች የተረፉ ውሾች ተጨመሩ፤ ንግሥት አሌክሳንድራም ዘሩን ስለወደደችው ስሙ ከፍ አለ።

ይህ ሁሉ በካዛንቺስ ከሆነው ብዙም አይርቅም፤ ከሩቅ አገር የመጡ ጥቂት ውሾች፣ ሀብታም ባለቤቶች፣ አንድ የቤተ መንግሥት ወዳጅ። በእንግሊዝ ግን መዝገብና መድረክ ቀድመው ተዘጋጅተው ነበር። የመጀመሪያው የታወቀ የውሻ ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1859 በኒውካስል ተካሂዷል፤ የዘር መዝገብ የሚይዘው ኬነል ክለብ በ1873 ተመሥርቷል። ስለዚህ የኪልበርን ስኮት ውሾች ልጆች ማን ከማን እንደተወለደ ተጻፈ፤ በ1909 የዘሩ ክለብ ተቋቁሞ የውሻው መልክ ምን መሆን እንዳለበት ወሰነ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ሳሞይድ በ1906 ተመዘገበ፣ ክለቡ ደግሞ በ1923 ተመሠረተ። ዛሬ በዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን መለኪያ ወንዱ ትከሻው ላይ 57፣ ሴቷ 53 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ይፈቀዳል። ቀለሙ ነጭ፣ ክሬም ወይም ብስኩት የተቀላቀለበት ነጭ ነው። ቡናማው ሳባርካ ዛሬ ቢቀርብ ከመድረክ ይባረር ነበር።

በቂርቆስ መዝገብም መድረክም አልነበረም። ገዢው የሚፈልገው የሚጮኽ ውሻ እንጂ አያቱ የታወቀ ውሻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙ ቪላዎች ወደ ኪራይ ቤቶችና ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ተከፈለ። ለአንድ ጌታ የለመደ ውሻ በእንዲህ ያለ ግቢ አይመችም። ከውጭ የመጣው የጀርመን ሼፐርድ ከሰፈሩ ውሾች ጋር ተዋልዶ ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው የጠቆረ፣ ቁመቱ መካከለኛ ክልስ ወጣ። በሽታ የሚችልና ፍርፋሪ የሚበቃው ክልስ ለአዲስ አበባ ኑሮ ከአባቱ የተሻለ ነበር። ለውሻ ከባዱ ወቅት ሁዳዴ ነው፤ ለ55 ቀን ሥጋ ቤት ሲዘጋ በካዛንቺስ ሥጋ ቤቶች በር የሚያድረው ውሻ ሁሉ ይከሳል።

የዛሬው የቡችላ ገበያ በሌላ መልክ ይሄዳል። ወጣቶች መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው ይቆማሉ፤ የቴሌግራም ሻጮች ደግሞ ፎቶ ይለጥፋሉ። «ንጹሕ ዘር» የሚለው ቃል እንደ ልብ ይነገራል፤ የሚያረጋግጠው ግን የሻጩ አፍ ነው። ነጭና ጸጉራም ቡችላ ሁሉ ሳሞይድ አይደለም። የሚያድግበት ቦታም ተለውጧል፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ግቢ የለውም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ ደግሞ ለግቢ ውሻ የሚመቸው የሰፈሩ አሠራር አብሮ ሄደ።

ሳሞይድ ማራባት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ መጀመር ያለበት ከውሻው ሳይሆን ከወረቀቱ ነው። በታወቀ የውጭ መዝገብ የተጻፈ የዘር ሐረግ፣ የክትባትና የጤና ምስክር ወረቀት፣ ዘሩን የሚያጠቃው የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር እንደሌለበት የሚያሳይ ራጅ ያስፈልጋል። የኩላሊትና የዓይን የውርስ በሽታዎችም ስላሉ ወላጆቹ መመርመር አለባቸው። ሴቷ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው፤ ከባዱ ግን የሥጋ ዝምድና የሌለው ወንድ ማግኘት ነው። በአንድ ከተማ ካሉ ጥቂት ውሾች እህትና ወንድምን ማዳቀል ድብቁን በሽታ ያወጣዋል። ደራርቦ የበቀለው ጸጉሩ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላለው የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ጥሩ ነው፤ ለክረምት ጭቃና ለበጋ ቀትር ግን ዕለታዊ ማበጠርና ጥላ ይፈልጋል። ሐኪም የሚያወጣው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከከተማው ሩቅ አይደለም። መድረኩን በተመለከተ፣ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ኬነል ክለብ ናይሮቢ ላይ ትርኢት ያካሂዳል፤ ውሻውን በዳኛ ፊት ማቆም የፈለገ የካዛንቺስ ሰው መጠየቅ ያለበት እዚያ ነው።