የጎረቤታሞች ካርታ

ካርታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ወንዝም ተራራም ስለሌለበት ካርታ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1911፣ ቦታው ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። አልፍሬድ ስቱርቴቫንት የተባለ የ19 ዓመት ተማሪ ከመምህሩ ከቶማስ ሀንት ሞርጋን ጋር ስለ ፍራፍሬ ዝንብ ሲያወራ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። አብረው የሚወረሱ ዘረ መሎች በክሮሞሶሙ ላይ ጎረቤታሞች መሆን አለባቸው፤ ቶሎ ቶሎ የሚለያዩት ደግሞ የተራራቁ ናቸው። የቤት ሥራውን ጥሎ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን የዘረ መል ካርታ ሠራ። በ1913 ታተመ። (እኛም የቤት ሥራ ጥለን እናውቃለን፤ ካርታ ግን አልወጣንም!)

ከዝንብ እስከ አባሎን ያለው መንገድ ረጅም ነበር። አባሎን ቅርፊቱ ጆሮ የሚመስል፣ አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባህር ቀንድ አውጣ ነው፤ ሥጋው በቻይናና በጃፓን የድግስ ምግብ ነው። ተመራማሪዎች ክሮሞሶሞቹን በማይክሮስኮፕ ሲቆጥሩ ዘመዳሞቹ እኩል ሆነው አልተገኙም። የጃፓንና የካሊፎርኒያዎቹ 18 ጥንድ፣ የሞቃታማ ባህሮቹ 16 ጥንድ፣ የአውሮፓው ደግሞ 14 ጥንድ አላቸው።

ቀጥሎ የሚያበራ ቀለም የተቀባ የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ክሮሞሶሙ ላይ ማጣበቅ መጣ። ቁራጩ አምሳያውን ፈልጎ ይያዛል፤ ያበራበት ቦታ የዘረ መሉ አድራሻ ነው። የስቱርቴቫንት ዘዴ ማን ከማን ቀጥሎ እንዳለ በስሌት ይነግራል፤ ይሄኛው ቤቱን በዓይን ያሳያል። በ2017 የኮሪያ ተመራማሪዎች የፓሲፊኩን አባሎን ሙሉ ዘረ መል ንባብ ረቂቅ አወጡ።

«ለቀንድ አውጣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?» የምትሉ አትጠፉም። የካሊፎርኒያን ነጭ አባሎን እንመልከት። በ1970ዎቹ ጠላቂዎች ያለ ልክ አወጡት። በ2001 አሜሪካ በመጥፋት ላይ ናቸው ብላ በሕግ ከመዘገበቻቸው አከርካሪ የለሽ የባህር እንስሳት የመጀመሪያው ሆነ። አጥማጆች እንዳይነኩት ከተከለከለ በኋላም አላገገመም። ምክንያቱ ቀላልና አሳዛኝ ነው። አባሎን እንቁላሉንና የወንዱን ዘር ውሃ ውስጥ ይለቃል፤ ወንድና ሴቱ ካልተቀራረቡ ዘሩ በከንቱ ይበተናል። የተረፉት ነበሩ፤ ጎረቤት ግን አልነበራቸውም።

ስለዚህ በላቦራቶሪ ማራባት ተጀመረ፤ በ2019 የመጀመሪያዎቹ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ባህር ተመለሱ። ከጥቂት ወላጆች ሲራባ ግን ዘመድ ከዘመድ የመጋባት አደጋ አለ። ዘረ መልን ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እንደኛ አገር ሽማግሌ ዘር ቆጥሮ «እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው፣ አይጋቡም» ይላል።

የመጀመሪያው ካርታ ከታተመ መቶ ዓመት አልፏል። ነጩ አባሎን ግን ያለቀው ካርታው እስኪደርስ ሳይጠብቅ፣ በጥቂት የአጨዳ ዓመታት ነው። ካርታው ማን ከማን ቢጋባ እንደሚሻል ይነግረናል፤ ባዶ አለት ላይ ጎረቤት መልሶ ማስፈር ግን የሰው ሥራ ነው።

ቸር እንሰንብት!