ከአዲስ አበባ ነቀምት በአየር ስንት ሰዓት ነው?



ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ከፊንፊኔ ነቀምት በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ። በመኪና 330 ኪሎ ሜትር ግድም እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወገባችንም ያውቀዋል። በአየር ቀጥታ ሲለካ ግን 250 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ስነግረው ግን ሌላ ጉዞ ትዝ አለኝ።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ። ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ክረምቱ እየገባ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በበቅሎ ወለጋ ለመድረስ ከአሥር ቀን በላይ ይፈጃል። በአየር ግን በዚያ ዘመን አውሮፕላን እንኳ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እናም ጣሊያኖቹ የወለጋን ባላባቶች ያለ ጦርነት ለማስገባት አስበው ሰኔ 19 ቀን በሦስት አውሮፕላን ነቀምት አቅራቢያ ቦነያ ላይ አረፉ። ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ የአየር ኃይላቸው ምክትል አዛዥ ጄኔራል ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ካልዴሪኒና ዝነኛው አብራሪ ሎካቴሊ ነበሩበት። መንገድ መሪያቸው ቄስ ቦሬሎ የሚባል ሚሲዮናዊ ነው።

የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ሰሙ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አገር የተወረረባቸው ልጆች ናቸው። በእነ በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ነሲቡ መሪነት ሌሊቱን ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ ጣሊያኖቹንም ገደሉ። ከቦታው ርቆ የነበረው ቦሬሎ ብቻ ተረፈ።

እውነቱን ለመናገር ታሪኩ አንድ ቀለም ብቻ የለውም። ብዙ የወለጋ ባላባቶች በመንግሥቱ ላይ የቆየ ቅሬታ ነበራቸው፣ የሚሸሸውም ሠራዊት ገበሬውን ዘርፎታል። ስለዚህ አንዳንዶቹ የእንግሊዝን ከለላ እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። ጣሊያንም ለቦነያ በቀሉን በቦምብ ተወጣ፤ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ከነገሩ ምንም ያልነበረበት የአካባቢው ሕዝብ ነው። በ1929 መጀመሪያ ነቀምትም ተያዘች።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? ጣሊያኖች ሲሲሊ ውስጥ ለኮሚሶ አውሮፕላን ማረፊያ የማሊዮኮን ስም ሰጥተውት ነበር። እኛ ጋ ግን በላይንና ክፍሌን የሚያውቅ ተማሪ ከክፍሌ አንድ እንኳ አላገኘሁም። የሞተውን ገበሬ ስም ደግሞ ማንም አልጻፈውም።

ለልጁ ምን አልኩት? «ሰዓቱ አጭር ነው፤ ሲያርፉ ማን እንደሚጠብቅ ነው ቁም ነገሩ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ቦነያ አካባቢ ያደጋችሁ፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። አዛውንቶቹ እያለፉ ነው፣ ሳይመሽ እንጠይቃቸው።