ሞዴስት ኡርዤል፦ የባዶ አድማስ ሠዓሊ

በአማርኛችን «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» የምንለው አንድ ሰዓት አለ። ጀምበር ጠልቃለች፤ ጨለማው ግን ገና አልነገሠም፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ዘመድ ይሁን ባዳ አይለይም። የባርሴሎናው ሠዓሊ ሞዴስት ኡርዤል ዕድሜውን በሙሉ ይህንን አንድ ሰዓት ሲሥል ኖረ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዝቅ ብሎ የተሰመረ አድማስ፣ የሸራውን እኩሌታና ከዚያም በላይ የያዘ ሰማይ፣ ብቻዋን የቆመች የጸሎት ቤት ወይም የመቃብር ስፍራ አጥር፣ ጥቂት የፈረንጅ ጽዶች፣ ሰው የራቀው የባሕር ዳርቻ፣ አንዳንዴም ጨረቃ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሸራ ላይም ይኸው ነው።

ኡርዤልን ያወቅሁት በተማሪው በኩል ነው፤ ሳውቀውም ንቄው ነበር። የተማሪውን የዡዋን ሚሮን ሥራዎች በመጽሐፍ ሳገላብጥ የመምህሩ አንድ ሥዕል በትንሹ ታትሞ አየሁና «ይህ ሽማግሌ ለዚህ ልጅ ምን ሊያስተምረው ቻለ?» ብዬ ገጹን ገለበጥሁት። ለዚህ ንቀቴ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። በወጣትነቴ የሥዕል ትምህርት ጀምሬ አቋርጫለሁ፤ መምህራችን በየሳምንቱ ያንኑ አንድ እንስራ ፊታችን እያስቀመጠ «ሣሉ» ይለን ነበር። በአምስተኛው ወር ከእንስራውም ከመምህሩም ተለያየሁ። አንድን ነገር የሚደጋግም ሰው ሌላ የሚለው ያጣ ይመስለኝ ነበር።

ኡርዤል በ1839 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በባርሴሎና ተወለደ። የወጣትነት ምኞቱ ሠዓሊ መሆን አልነበረም፤ ተዋናይ ለመሆን ነበር የፈለገው። ቤተ ሰቦቹ ግን አልፈቀዱለትም። እናም በከተማይቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሥዕል የሚታየውን ዓለም እንደሚታይ ማሳየት አለበት ብሎ ከሚያምነው ከራሞን ማርቲ አልሲና እግር ሥር ተቀመጠ። ፓሪስ ሄዶም ከጉስታቭ ኩርቤ ጋር ተዋወቀ። በ1870 ቢጫ ወባ ባርሴሎናን ሲያጠቃት ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሎት ሸሸ። ኦሎት በጠፉ እሳተ ገሞራዎች መካከል የተቀመጠች፣ ዝናብና ለምለም መስክ የማይለያት ከተማ ናት፤ የአካባቢውን መልክዓ ምድር በመሣል ስሙ የተነሣው ዡዋኪም ቫይሬዳም እዚያው ነበር። ሁለቱ ተገናኙ። ቫይሬዳ ያንን ልምላሜ ወደደ። ኡርዤል ግን ከልምላሜው ይልቅ ጭርታውን መረጠ። በ1876 ለማድሪዱ ብሔራዊ ትርኢት ያቀረበው ሥዕል እንኳ ስሙ «የጸሎት ደወል» ነበር፤ ይኸው የምሽት ደወል መሆኑ ነው።

የተነፈገው ቲያትር ግን ከልቡ አልወጣም። ስሙ ከገነነ በኋላ በካታላን ቋንቋ ተውኔቶች ጻፈ። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ነው ሥዕሎቹን እንደ ገና የተመለከትኋቸው፤ ያን ጊዜም የመሰሉኝ ትዕይንቱ አልቆ፣ ተዋንያኑ ሄደው፣ መብራቱ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው መድረክ ነው። ይህ የእኔ አስተያየት እንጂ የሊቃውንቱ አይደለም። ደግሞም ኡርዤል በሐዘን የተቆራመደ ሰው አይምሰላችሁ። በ1913 ትዝታውን ሲያሳትም የመጽሐፉን ርእስ «የሌሊት ወፍ» አለው። ዕድሜ ልኩን ምሽትን የሣለ ሽማግሌ በራሱ ሲቀልድ ማለት ነው።

የተማረበት ቤት በኋላ የሚያስተምርበት ሆነ። የከተማይቱ የንግድ ቦርድ ትምህርት ቤቱን በ1775 የከፈተው በነጋዴዎች መገበያያ አዳራሽ፣ «ዮጃ» በሚባለው ሕንጻ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ዓላማም ለጥጥ ጨርቅ አታሚዎች ንድፍ የሚያወጡ ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። ኡርዤል በዚያ ቤት የመልክዓ ምድር ሥዕል ያስተምር ነበር። በ1907 አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ክፍሉ ገባ። የልጁ አባት ወርቅ አንጥረኛና ሰዓት ሠሪ ነው፤ ልጁ ነጋዴ እንዲሆንለት ስለሚሻም የንግድ ትምህርት ቤት አስገብቶታል። ሥዕሉ በዚያ ላይ የተጨመረ ነው። መምህሩ በዚያ ዓመት ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት እርሱንም ቤተ ሰቡ ከምኞቱ መልሶታልና፣ ይህን ልጅ ሲያይ ምን እንዳሰበ ማወቅ እወድ ነበር።

ሚሮ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም፤ እጁ ለሥዕል የማይታዘዝ እንደ ነበረ ራሱ መስክሯል። በ1910 አባቱ አሸነፉና የሒሳብ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ በማግስቱ ዓመት በጠና ታመመ፤ ለማገገም ወደ ሞንሮች መንደር ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የሚያግደው አልነበረም። በ1918 ባርሴሎና ላይ የመጀመሪያውን የግል ትርኢት አሳየ። ኡርዤል በ1919 ሚያዝያ ላይ ሞተ። ሚሮ ፓሪስን ያየው በ1920 ነው። መምህሩ እንግዲህ የመጣውን ሁሉ አላየም።

በ1948 ሚሮ ለአሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ለጄምስ ጆንሰን ስዊኒ ስለ ሥራው ሲናገር፣ ከሐሳቡ የማይለዩ ሦስት ቅርጾች እንዳሉ ገለጸ፦ ቀይ ክብ፣ ጨረቃና ኮከብ። ሦስቱም የኡርዤል አሻራ ናቸው አለ። ይህንን ሳነብ ያንን የገለበጥሁትን ገጽ ፍለጋ ተመለስሁ።

የ1926ቱን «በጨረቃ ላይ የሚጮኽ ውሻ» አስቡት። ከላይ ጥቁር ሰማይ፣ ከታች ቡናማ ምድር፣ በመካከላቸው አንድ መስመር። በአንድ ወገን ወደ ባዶ የወጣ መሰላል፣ በሌላው ትንሽ ውሻ፣ ከበላዩም ጨረቃ። በማግስቱ ዓመት የሣለው «መልክዓ ምድር፦ ጥንቸሏ» ደግሞ በአንድ የበጋ ምሽት ሜዳ አቋርጣ ስትሮጥ ካያት ጥንቸል የተወለደ ነው፤ ሰማዩ ብርቱካንማ፣ ምድሩ ቀይ፣ መለያያው እንደ ገና ያው መስመር። ሚሮ የጸሎት ቤቷን አንሥቷል፤ የመቃብሩን አጥር አፍርሷል፤ ጽዶቹን ነቅሏል። አድማሱን ግን አልነካም፤ ሰዓቱንም አልለወጠም።

ሽማግሌው ተነሥቶ ከዚህ ሸራ ፊት ቢቆም ምን ይል ነበር? በውሻው የሚስቅ ይመስለኛል። ከዚያም መነጽሩን አስተካክሎ «ልጄ፣ የጸሎት ቤቷ ወዴት ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ።