6 ብር ስንት ኪሎ እህል ይገዛል?

ሐዋሳ ላይ ጎዳና የሚጠርጉትን፣ ችግኝ የሚያጠጡትን እናቶች "ሴፍቲኔቶች" ማለት ለምደናል። ስሙ ከተማ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ሐዋሳ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ገጠር ነው።

በ1995ቱ ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። በየዓመቱ ስንዴ መለመን አያዋጣም ተባለና በ1997 ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ፤ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና መቀመጫው እዚሁ ሐዋሳ በነበረው የደቡብ ክልል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይደገፋል። ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እኔ ዛሬም ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ብር ለገበሬው ምርጫ ይሰጣል፣ የአካባቢውን ገበያም ያነቃቃል ተብሎ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ግን የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። 3 ኪሎው 3 ኪሎ እንደሆነ ቆየ፤ 6 ብሩ ሟሟ። ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ፣ ገበያው ግን ቀድሞ ሄዷል። በብር መከፈልን ይመርጥ የነበረው ብዙ ሰው "እህሉን ስጡን" አለ። እኩል እርከን የቆፈሩ ሁለት ገበሬዎች፣ አንዱ እህል ሌላው ብር ስለተቀበሉ ብቻ፣ እኩል አልበሉም።

የከተማው ሴፍቲኔት ደግሞ የሚከፍለው በብር ነው። የሐዋሳ ገበያን ዋጋ የምታውቁ፣ እስቲ አስሉት።