ጥበብ ያበላል ወይ? ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ እስከ ቴሌግራም ክፍል

እኛ ሰፈር «ጥበብ» ማለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጽሐፍ ላይ የምናገኘው ነው፦ ሥዕሉ፣ ቅኔው፣ ዜማው። ሁለተኛው በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሠራው ባለ ቀለም ጥለት ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ «ይሄ ጥበብ ስንት ነው?» ብትሉ ማንም ፈላስፋ ናችሁ ብሎ አያያችሁም፤ ዋጋውን ይነግራችኋል። እኔ ያደግሁት እዚህ ጉለሌ፣ ጥበብ ዋጋ ተለጥፎበት በሚሰቀልበት ሰፈር ነው። ኑሮዬ ግራፊክስ ዲዛይን ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ በቴሌግራም አስተምራለሁ።

ከተማሪዎቼ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ፎቶሾፕ አይደለም። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ግን ያበላል?» የሚል ነው። አንዳንዱ ደሴ ሆኖ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ጅማ፣ አንዳንዱ እዚሁ አዲሱ ገበያ። «ያበላል» ብሎ ማበረታታት ቀላል ነው። «አያበላም» ማለትም ቀላል ነው፤ ቤተሰብ ሲለው የኖረው ነገር ነው። እኔ ግን መልሱን በሰፈሬ ታሪክ ውስጥ መፈለግ ይሻለኛል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚወስድ ቁልቁለት ላይ፣ ጥበብ እንዴት እንደሚወረስና እንዴት እንጀራ እንደሚሆን የሚያሳዩ ሁለት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሦስተኛው ኪሳችን ውስጥ ነው።

ጉድጓድ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት

ጉለሌ ስሙን ያገኘው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው፣ ኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ መሰብሰብ ብዙ ባለሙያ ወደዚህ ሳበ። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡት ሸማኔዎች ከእንጦጦ እግር ሥር ሰፈሩ። ዶርዜ ሰፈር የሚለው ስም ዛሬም አለ። ከአሜሪካ ኤምባሲ ወደ ላይ ሲወጣ ያለው የሽሮ ሜዳ ገበያ የዚያ ሰፈራ ልጅ ነው።

የሸማኔ ቤት ገብታችሁ ካያችሁ ሰውየው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መሬት ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። በእግሩ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። ክሩን የፈተለችው ሴት ናት፤ ሸምኖ ጨርቅ የሚያደርገው ወንድ። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለምን መሰላችሁ? እየቆጠረ ነው። ድሩን በጣቱ ቆጥሮ ያነሣል፣ ባለ ቀለሙን ክር ያሳልፋል፣ እንደገና ይቆጥራል። ለተማሪዎቼ ስለ ፒክስል ሳስረዳ ሁልጊዜ የማነሣው ይሄንኑ ነው። ስክሪን ላይ ያለ ምስል በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ነጥቦች ነው፤ ጥለትም እንደዚያው። የሰፈሬ ሸማኔዎች ኮምፒውተር ሳይታሰብ በፊት በፒክስል ይሠሩ ነበር።

ትምህርቱ እንዴት ነው? የትምህርት ዕቅድ የለም፣ ሰርተፍኬት የለም። ልጁ መጀመሪያ ክር ይፈታል፣ ማጉን በቀጭን ሸምበቆ ላይ ይጠቀልላል፣ ከዚያ ተራ ነጠላ፣ ከዚያ ነው ጥለት። አንድ ጎረቤታችን ሸማኔ «ጋሼ፣ ጥለቱን ለልጁ እንዴት ነው የምታስረዱት?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ምን ይረዳል? አጠገቤ ነው የሚቀመጠው» አሉኝ። ትምህርቱ አጠገብ መቀመጥ ነው።

ይሄን ስጽፍ ግን ትዝታ አሳምሬ ማለፍ አልፈልግም። ሽመና ለረጅም ጊዜ የሚያበላ ነገር ግን የማያስከብር ሙያ ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር፤ ጨርቁን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ራሱ የሠራውን ይንቃል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ስለከፋ ነው። አዋጁ ስድቡን ወዲያው አላጠፋውም። በሌላ በኩል ደግሞ «ከተማ ወስጄ አስተምረዋለሁ» ተብለው ከጋሞ ደጋ የመጡ ስንት ልጆች ትምህርት ቤት ሳያዩ ከንጋት እስከ ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ያደጉት እዚሁ ሰፈር ነው። አጠገብ መቀመጥ ትምህርት የሚሆነው ተማሪው ተነሥቶ መሄድ ሲችል ብቻ ነው። ካልቻለ ጉልበት ብዝበዛ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስድስት ኪሎ፦ ደመወዝ ያለው ሠዓሊ

ቁልቁለቱን ወርደን ስድስት ኪሎ አካባቢ እንድረስ። በ1950 ዓ.ም. አቶ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን እዚህ መሠረቱ። አለ የፍቼ ሰላሌ ሰው ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቤተሰብ የወጡ፤ በ1940ዎቹ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተማሩ። ከእርሳቸው በፊትም ውጭ ተምሮ የመጣ ነበረ፤ አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ የተማረው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። አለ ያመጡት አዲስ ነገር ግን ሌላ ነው፦ ሥዕልን በር፣ ክፍል፣ የጊዜ ሰሌዳና ደመወዝ ያለው ነገር አደረጉት።

ደመወዙን አትናቁት። ከዚያ በፊት ሠዓሊ ሁለት ደንበኛ ነበረው፦ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት። ሲጨመር ደግሞ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ሣጥን ሥሎ የሚገዛው የውጭ ሰው። ሦስቱም የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ ሠዓሊው የሚፈልገውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አራተኛ መተዳደሪያ መጣ፤ ማስተማር። አስተማሪ የሆነ ሠዓሊ የቤት ኪራዩን ከክፍሉ፣ ነፃነቱን ከስቱዲዮው ማግኘት ቻለ።

ይሄ ምን እንዳመጣ ተመልከቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር የተወለደ የአለቃ ልጅ ነው። ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና በ1950ዎቹ አጋማሽ ሰው በሥዕል ውስጥ ሰው ፈልጎ የሚያጣበትን አብስትራክት አዲስ አበባ ላይ አሳየ። ብዙው ሕዝብ ግራ ገባው። ገበያ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሠዓሊ ለረጅም ጊዜ የሚቆም አይመስለኝም። እርሱ ግን ያስተምር ነበር፤ በአማርኛ ይገጥም ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንም ሽልማት አገኘ። እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ኖሮ በ1958 ዓ.ም. ሲመለስ እዚያው ትምህርት ቤት ገባ። የቆየው ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ሦስት ዓመት! ግን ያ ትውልድ እስክንድርን ሲያነሣ የሚያወራው ስለ ረጅም ዘመን መምህር ነው የሚመስለው።

ለኛ ለዲዛይነሮች ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚቀርበን ስም ይገዙ ብሥራት ነው። የቁም ጽሕፈት መምህር ነበሩ። ብራና ላይ የኖረውን የፊደል አሣሣል ወደ ዘመናዊ ክፍል ያመጡ ሰው ናቸው። ዛሬ አማርኛ ፖስተር ስንሠራ የምንጠቀምባቸውን ፎንቶች ቁጠሯቸው፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ… ቶሎ ያልቁባችኋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ስልካችን ላይ ያለው ፊደል ገና ወጣት ነው። የ«ሀ» ወገብ የት ይወፍራል፣ የ«መ» ዓይን ምን ያህል ይከፈታል የሚለው ዕውቀት ግን የብዙ መቶ ዓመት ነው። በእጅ የያዙት ሰዎች ናቸው ያቆዩት። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን የመሰለ ሠዓሊ ዓለም ያወቀው ፊደልን ራሱን ሥዕል አድርጎ ነው፤ እርሱም የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው።

መንግሥት ሲገዛ፣ ገበያ ሲገዛ

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደንበኛው ተቀየረ። ደርግ ሠዓሊ ይፈልጋል፤ ፖስተር፣ መፈክር፣ አብዮት አደባባይ የሚቆም የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል። ብዙ ተመራቂዎች በነፃ ትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዱ፤ ሥራም ነበረ። ሌሎች ደግሞ ሀገር ለቀቁ። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. ያረፈው አሜሪካ ነው። እስክንድር ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ፤ ከዚህ የሄዱ ወጣቶችም እዚያ አገኙት። የስድስት ኪሎ ክፍል እንግዲህ ባሕር ተሻግሮ ቀጠለ ማለት ነው፤ ያለ ኢንተርኔት።

1983 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ ገበያው ተከፈተ። ማስታወቂያ ድርጅት፣ ጋለሪ፣ የሆቴል ሥዕል፣ ታፔላ። ትምህርት ቤቱ በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ፤ ዛሬ የመሥራቹን የአለን ስም ይዟል፤ «ዲዛይን» የሚለው ቃልም ከስሙ ገብቷል። ችግሩ በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ መሣል የሚፈልገው ግን በየክፍለ ሀገሩ ነው።

ኪስ ውስጥ ያለው ክፍል

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ብዙዎቻችን የኦንላይን ክፍል የጀመርነው ያኔ ነው፤ ሰው እቤቱ ተቀምጧል፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው። ከሰኔ 23 ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ያ ክረምት ሁለት ነገር አስተማረን፦ ክፍል ያለ ግንብ መቆም ይችላል፤ ግን ቁልፉ እኛ እጅ ላይ አይደለም።

ለምን ቴሌግራም? መልሱ ሮማንቲክ አይደለም። ፋይሉ ከባድ ቢሆንም ይልካል፤ ቪዲዮውን ሌሊት ፓኬጅ ሲረክስ ማውረድ ይቻላል፤ ትምህርቱ ከዓመት በኋላም ቻናሉ ላይ ይገኛል። ክፍያው ቀድሞ ራስ ምታት ነበር። ከውጭ ደንበኛ በፔይፓል መቀበል ከዚህ ሆኖ አይቻልም፤ ከሀገር ውስጥ ደግሞ ተማሪው ባንክ ሄዶ ተሰልፎ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ነበር የሚልከው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ይሄኛው ቀለለ። አርባ ምንጭ ያለች ልጅ በአንድ ደቂቃ ከፍላ ገብታ ትማራለች። የአርባ ምንጭን ስም ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ከጋሞ ወደ ጉለሌ ሙያ ይዞ መምጣት ግዴታ የነበረበት ዘመን ነበረ። ዛሬ ልጅቷ ቤቷ ሆና ትማራለች፤ ሲሰለቻትም ስልኩን ትዘጋለች። ተነሥታ መሄድ ትችላለች። ለኔ ይሄ ትልቅ ታሪካዊ ለውጥ ነው።

የጎደለውንም እንናገር። አጠገብ መቀመጥ የለም። የተማሪው እጅ ሲንቀጠቀጥ አላይም፤ የማየው ያለቀውን ሥራ ነው። ሌላው ደግሞ ይከፋል፤ ምስል ብቻውን ሲጓዝ ባለቤቱን ይረሳል። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ካስተዋላችሁ፣ ከውጭ የሚገባው በፋብሪካ የታተመ የሐበሻ ቀሚስ አለ። ጥለት ይመስላል፤ ሲነካ ግን ልሙጥ ነው፣ ቆጥሮ ያነሣው ጣት የለም። ሸማኔው ስንት ቀን የለፋበትን ማሽን በደቂቃ ያትመዋል። አንድ ሰው በስልኩ ያነሣው ፎቶ ለዚህ ይበቃል። እኛ ደግሞ በየቻናሉ «ነፃ የሐበሻ ጥለት ፋይል» እያልን ስንለቅ ማንን እያበላን ማንን እያስራብን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። እኔ ክፍሌ ውስጥ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፦ ጥለት ለሥራው የሚጠቀም ተማሪ መጀመሪያ አንድ ሸማኔ ቤት ይሄዳል፣ ከቻለ የተሸመነውን ይገዛል፣ ከየት እንዳየውም ይጽፋል። ሽሮ ሜዳ የማይደርስ ሰው በየከተማው ሸማኔ አያጣም።

ታዲያ ያበላል?

እስካሁን ካየነው አንድ ነገር ይወጣል። በዚህ ሀገር ከሥራው ሽያጭ ብቻ የበላ ጥበበኛ ጥቂት ነው። ሸማኔው ጥለት ብቻ አልሸመነም፤ ኑሮውን የያዘለት ተራው ነጠላና ጋቢው ነው። ገብረ ክርስቶስ አስተማረ፤ እስክንድር አስተማረ፤ ይገዙ አስተማሩ። አለ ራሳቸው በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ ከሥዕሎቻቸው እኩል የምንቆጥርላቸው ያቆሙትን ክፍል ነው። ማስተማር የወደቀ ሠዓሊ የሚሸሸግበት ቤት አልነበረም፤ ሥራው የሚቆምበት ምሰሶ ነበር።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምላቸው ይሄን ነው። ተራ ነጠላችሁን አትናቁ፤ የቢዝነስ ካርዱን፣ የሠርግ ጥሪውን፣ የምግብ ቤቱን ሜኑ በደንብ ሥሩ፤ የቤት ኪራይ እርሱ ነው። ከጎኑ ማንም ያላዘዛችሁን አንድ ጥለት ቁጠሩ፤ ስማችሁ እርሱ ነው። የምታውቁትን ደግሞ ከናንተ አንድ ደረጃ በታች ላለው አሳዩ፤ መጀመሪያ በነፃ፣ ኋላ በዋጋ። ዋጋ ማስከፈልን አትፈሩ፤ በነፃ ብቻ የሚገኝ ሙያ ሰው ያመሰግነዋል እንጂ አያከብረውም፤ ይሄን ሸማኔዎቹ ከኛ በላይ ያውቁታል።

በዚህ ሳምንት የሰጠሁት የቤት ሥራ ስልክ አይፈልግም። ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና የእናታችሁ ነጠላ ብቻ። ጥለቱን ድር በድር ቆጥራችሁ በካሬው ላይ አስፍሩት። አንድ ጣት የሚያህል ስፋት ለመጨረስ ምን ያህል ሰዓት እንደፈጀባችሁም ከታች ጻፉት። ዋጋ መተመን የሚጀመረው ከዚያ ቁጥር ነው።