መርገጫ መስመር፦ ቀመር በሰንጠረዥ ውስጥ ለምን ይንጋደዳል?

በማይክሮሶፍት ወርድ ሰንጠረዥ የሒሳብ ፈተና የሚያዘጋጅ መምህር በግራው ሴል ተራ ቁጥር፣ በቀጣዩ ደግሞ የጎነ ሦስትን ስፋት ቀመር ይጽፋል እንበል። ቀመሩ ላዕልና ታህት ስላለው ቁመቱ ይረዝማል። ተራ ቁጥሩ ከሴሉ ጣሪያ ሥር ተለጥፎ ይቀራል፤ የእኩል ምልክቱ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኢንተር እየመታ ቁጥሩን ወደ ታች ይገፋዋል፤ የፊደሉ መጠን በተቀየረ ቁጥር ግን ሁሉም እንደገና ይፋለሳል።

የችግሩ ምንጭ በእንግሊዝኛ ቤዝላይን የሚባለው ነገር ነው፤ ፊደላት የሚቆሙበት፣ ለዓይን የማይታይ መስመር። ቃሉ በጥናትና በሪፖርት ቋንቋ «መነሻ» ሆኖ ተለምዷል፤ የመነሻ ጥናት፣ የመነሻ መረጃ እንላለን። ለጽሕፈት ግን ይህ ፍቺ አይገጥምም፤ ፊደላት እዚህ መስመር ላይ ይቆማሉ እንጂ ከዚያ አይነሱም። የግዕዝ ፊደል ደግሞ እግር አለው። «በ» በሁለት እግሩ ይቆማል፤ «ባ» ግራ እግሩ አጥሮ በቀኙ ብቻ። የሚረግጡት ግን አንድ መስመር ነው። ስለዚህ «መርገጫ መስመር» የሚለው ስም ይስማማዋል።

ወርድ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ያሉትን ጽሑፍና ቀመር በመርገጫ መስመር ላይ አስተካክሎ ያቆማቸዋል። ሴል ከሴል ጋር ሲሆን ግን ይህን አያደርግም። በሰንጠረዡ የሌይአውት ትር ውስጥ ዘጠኝ የማስተካከያ ቁልፎች አሉ፦ ላይ፣ መሃል፣ ታች፤ እያንዳንዳቸው በግራ፣ በመካከልና በቀኝ። ከዘጠኙ አንዱም የሁለት ሴሎችን መርገጫ መስመር አያገናኝም። «መሃል» የሚለው የይዘቱን ቁመት ለሁለት ከፍሎ ያስቀምጣል እንጂ የእኩል ምልክቱ የት እንዳለ አያይም። ለተራ ክፍልፋይ ይበቃል፤ ላዕሉ ራሱ ሌላ ክፍልፋይ ሲሆን ግን የክፍልፋዩ መስመር ከእኩል ምልክቱ ጋር ወደ ታች ስለሚወርድ ተራ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል።

ወርድ ሌላም ግራ የሚያጋባ ጠባይ አለው። ቀመር በአንቀጹ ውስጥ ብቻውን ከሆነ ወርድ ያጎላውና ወደ መካከል ይወስደዋል፤ አጠገቡ አንድ ቃል ሲጻፍ ደግሞ ክፍልፋዩን አሳንሶ ከጽሑፉ ጋር ያሰልፈዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ አንዱ ቀመር ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በቀመሩ ጠርዝ ላይ ከምትገኘው ቀስት አንዱን ዓይነት ወደ ሌላው መቀየር ይቻላል። የረድፉ ቁመት በቋሚ ልክ ከታሰረ ደግሞ የረጅሙ ቀመር ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል፤ ቁመቱን «ቢያንስ» በሚለው ምርጫ መተው ይሻላል።

ሌሎች መሣሪያዎች በዚህ ይበልጣሉ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ቴክ በተባለ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ላይ የተገነባው ላቴክ፣ ማንም ሳያዘው የአንድ ረድፍ ሴሎችን በመርገጫ መስመር ያሰልፋል። የድረ ገጽ ሰንጠረዥም የገጽ መልክ በሚታዘዝበት ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ሊብሬኦፊስ ራይተር በበኩሉ ቀመርን ከጽሑፉ መርገጫ መስመር ጋር የሚያስተካክል ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ አለው።

በወርድ ለሚሠራ ሰው ቀላሉ መንገድ ተራ ቁጥሩንና ቀመሩን በአንድ ሴል፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ መጻፍ ነው። ሁለት ሴል ግድ ከሆነ ሁለቱንም «መሃል» ማድረግ፣ የቀረውን ልዩነት ደግሞ በፎንት መስኮት ውስጥ ባለው ከፍና ዝቅ ማድረጊያ በነጥብ መጠን ማስተካከል ይቻላል። ለአንድ ገጽ ፈተና ይህ በቂ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀመሮች ያሉት መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ግን ላቴክን ቢማር ይሻለዋል።