የሁለት ኖርዌያውያን ውጥን

በኖርዌይ አገር በትሮንድሃይም ከተማ ጥበበ ኮምፒዩተርን የተማሩት ሆቫርድ ኖርድና አይሪክ ሻምቤ-ኤንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የአልትራሳውንድ ምስሎችን በሚያከማች ፕሮግራም ላይ ሲደክሙ ሳሉ፣ ያው አንዱ ሥራ በዩኒክስም፣ በማኪንቶሽም፣ በዊንዶውስም ይሠራ ዘንድ ግድ ሆኖባቸው ነበርና፣ ለየአንዳንዱ ልዩ ገጽ ከመጻፍ ይልቅ ለሁሉ የሚበቃ አንድ የጋራ ማዕቀፍ ሊሠሩ አሰቡ።

ከድካማቸው ሁሉ የከበረ መስሎ የሚታየኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 አይሪክ የፈለሰፈው፣ «ምልክትና ተቀባይ» ልንለው የምንችለው ሥርዓት ነው። በመስኮቱ ላይ ያለው ቁልፍ በማውስ በተነካ ጊዜ፣ ፋይል ይቀመጥ ወይም ገጽ ይዘጋ፣ ተከትሎ የሚሆነውን ከቶ ሳያውቅ መነካቱን ብቻ ያሰማል፤ የደብር ደወል ማን ሰምቶ እንደሚነሣ ሳይመርጥ እንደሚያስተጋባ ማለት ነው። ሰሚውን የሚወስነው ሁለቱን የሚያገናኘው የፕሮግራሙ ጸሐፊ በመሆኑ፣ ቁልፉን ሳይነኩ ሰሚውን መለወጥ፣ ለአንድ ምልክትም ብዙ ሰሚዎችን ማቆም ይቻላል።

ኩባንያቸው በ1994 ሲመሠረት ኑሯቸውን የደገፉት ሚስቶቻቸው ነበሩ፤ ይህም ውለታ ከኮዱ ባላነሰ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ኪዩት የተባለው ማዕቀፍ በሜይ 1995 ለዩኒክስና ለዊንዶውስ ቢወጣም (ማኪንቶሽ እስከ 2001 ተራውን ጠብቋል)፣ አሥር ወራት ያህል አዲስ ገዢ ጠፍቶ፣ በማርች 1996 የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት አሥር ፈቃድ ገዛ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ማቲያስ ኤትሪክ ኬዲኢ የተባለውን የዩኒክስ ኮምፒዩተር የመስኮት ገጽታ (ዴስክቶፕ) በዚሁ መሠረት ላይ ሊያንጽ ተነሣ፤ የኪዩት ፈቃድ ግን የነጻ ሶፍትዌር ወዳጆችን አላረካምና፣ በ1997 ጉኖም የተባለ ተፎካካሪ ተወጠነ።